የነበረ ብዬ የጻፍኳት ሴት

ይህን ነገር ዛሬ በሕይወት ላለ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለእህቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ በየዓመቱ ዓቢይ ጾም ሲገባ ቤት ድረስ መጥተው፣ መስቀላቸውን እንደያዙ «ሌላስ? ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። ሰው አማሁ እላለሁ። ረቡዕ ቀን ረስቼ ወተት ያለበት ሻይ ጠጣሁ እላለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተኳረፍኩ እላለሁ። እሳቸውም ስግደት አዘውልኝ ይሄዳሉ። ሰግጃለሁ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰግጃለሁ። ያልተናዘዝኩት ግን እዚሁ ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ይውላል። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገረው ነው። እናንተ መስቀል የላችሁም፣ ስግደትም አታዙኝም። ምናልባት የደፈርኩት ለዚያ ይሆናል።

ስሜ ትዕግሥት ነው። እናቴ ስም ስታወጣ ተሳስታለች፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ጎንደር ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል ስሠራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ትውልዴ ግን ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ወጣ ብሎ። ከተማ እንደገባሁ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የአገሬን አነጋገር ማጥፋት ነበር። «ሸጋ» ማለት ትቼ «አሪፍ» ማለት ጀመርኩ። ምላሴ ግን እንደተሳለ ቀርቷል፤ መስኮቴ ላይ የሚሰለፍ ሁሉ ይፈራኛል። ሲፈሩኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም አብራችሁ ቁጠሩብኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥራዬን ላስረዳችሁ። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ያገኘውን በእጁ ካርዱ ላይ ይጽፋል። እኛ ያንን አንብበን ለበሽታው የተሰጠውን ኮድ ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባለን። ወባ የራሱ ኮድ አለው፤ የወገብ ሕመም የራሱ አለው፤ ውሻ የነከሰው ሰው እንኳ የራሱ አለው። ካንሰር ታክሞ የሚመላለስ ሰው ሲሆን ግን መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው «ያለ» ነው። ሁለተኛው «የነበረ» ነው፤ ማለትም ታሞ ነበር፣ ሕክምናውን ጨርሷል፣ አሁን የቀረው ክትትል ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ቀላል ስላልሆነ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ያሠለጠኑን። አሠልጣኟ እንዲህ ያለችውን ደብተሬ ላይ ጽፌ አስምሬበታለሁ፦ ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣም ክኒኑ ካላለቀ «ያለ» ነው። ክኒን የምትውጥ ሴት «የነበረ» አትባልም። ጽሑፉ ካልገባችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በሽተኛዋን አትጠይቁ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። የቀረኝ ሰበብ ቢኖር «አላወቅኩም ነበር» ማለት ነበር፤ እሱም የለኝም።

ያን ጊዜ የወረቀቱን ካርድ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የምንገለብጥበት ወቅት ነበር። ኃላፊያችን ከጥምቀት በፊት ይለቅ ብሎናል። ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ከቀሐ ወንዝ በኩል የሚለማመዱት መዘምራን ከበሮ በመስኮት ይገባል፤ ባልደረቦቼ ሐሳባቸው ቀሚስና ሹሩባ ላይ ነው። እኔ ግን ከሁሉ ቀድሜ እጨርሳለሁ ብዬ በአደባባይ ፎክሬአለሁ። የቀሩኝ ስድስት ካርዶች ነበሩ። ከስድስቱ አንዱ የወይዘሮ ፈንታነሽ ነበር።

ፈንታነሽ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ሚስት ናት። አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አውጥተውላት፣ በየቀኑ አንድ የምትውጠው ክኒን ለአምስት ዓመት ታዞላታል። ሁለቱን ዓመት ጨርሳ ሦስተኛውን ጀምራ ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ቀን ካርዱ ላይ ያየሁት ዶሮ የጫረው የመሰለ የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ አንዷ ቃል «ጨርሳለች» ትሁን «ጀምራለች» ትሁን አልለይ አለኝ። ሐኪሙ ከላይኛው ፎቅ ነበር። ደረጃ መውጣት ነው፣ ሌላ ምን አለው? ግን ያ ሐኪም ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሰው ፊት «አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም እንዴ?» ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ሄጄ «ይህችን ቃል አንብብልኝ» ልበለው? ከምለው ብሞት ይሻለኛል አልኩ። የሞተችው ግን እኔ አይደለሁም።

ቀና ስል ባለካርዷ እራሷ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ወደ መስኮቱ ብረት ጠጋ ብዬ «እንዴት ነሽ እናቴ? ዳንሽ ወይ?» አልኳት።

«ይመስገን፤ ድኛለሁ» አለች።

እስቲ ፍረዱኝ። የወገራን ሰው እንዴት ነህ ብሎ ጠይቆ «ታምሜአለሁ» ሲል የሰማ አለ? አባቴ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ጠያቂ በገባ ቁጥር «ይመስገን፣ ዛሬስ ሸጋ ነኝ» ይል ነበር። እኛ አገር ሕመምን በአፍ መጥራት ፈጣሪን መክሰስ ነው። ይመስገን መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው፣ ጸሎት ነው፣ ጨዋነት ነው። ይህን የአዲስ አበባ ልጅ ባታውቀው አልፈርድባትም። እኔ ግን በዚያ ቃል አድጌአለሁ። ደግሞም አይቻለሁ። እጇ ላይ የክኒኑን ካርቶን ይዛ ነበር። ከፋርማሲ ገና ተቀብላው፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ልትቋጥረው ስትል ነው የጠራኋት። ካርቶኑን አይቻለሁ። አይቼ ዞር አልኩና «የነበረ» የሚለውን ኮድ አስገባሁ። ቀጥሎ ያለውን ካርድ አነሳሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሼ ቀሚሴን ልተኩስ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከጥምቀት በኋላ ኃላፊው ሰብስቦን፣ አንድም ስህተት ሳይገኝባት ቀድማ የጨረሰች ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። አስጨበጨበልኝ። ወረቀቱን መስታወት አስገብቼ መስኮቴ አጠገብ፣ ተሰላፊ ሁሉ እንዲያየው አድርጌ ሰቀልኩት።

ሦስት ወር ቆይታ ፈንታነሽ ክኒኗን ልትቀበል መጣች። ፋርማሲው የሚያድለው ከኮምፒውተር በሚወጣ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ደግሞ «ያለ» የተባሉትን ብቻ ነው የሚያወጣው። ስሟ ጠፋ። ካርድ ክፍል ጠይቂ አሏት፤ ወደ እኔ መጣች። ስሟን ጽፌ ከፈትኩት። «የነበረ» ይላል። በዚያች ሰከንድ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ ካርቶኑ፣ ነጠላዋ፣ ይመስገኗ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዴ ካወቀ ቆይቷል።

ማረም ይቻል ነበር። የስህተት ማረሚያ የሚባል ቅጽ አለ፤ ማን እንደተሳሳተ፣ ምን እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ ተሞልቶ ኃላፊው ይፈርምበታል። አንድ ገጽ ነው። ከመሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ክንዴን መዘርጋት ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን ያ መስታወት የገባው ወረቀት ከአናቴ በላይ ተሰቅሏል። ምን ብዬ ለኃላፊው ልሂድ? አንድም ስህተት ያልተገኘባት ትዕግሥት ተገኘባት ልበል? ይህን ሳስብ ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ብረት ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ።

«ስሜ ከሌለ ድኛለሁ ማለት ነው?»

«አዎ» አልኳት።

አዎ አልኳት። ሌላ ስንት የሚባል ነገር ነበር? ሐኪሙን ላናግር ጠብቂኝ ማለት ነበር። እንዲያው ሌላው ቢቀር፣ ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንዋሻት «ሲስተም የለም፤ ነገ ነይ» የምትባል ውሸት አለች፤ እሷን ብዋሻት እንኳ በነጋታው ተመልሳ ትመጣ ነበር። እኔ ግን አዎ አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ወለምታ አልነበረም እንጂ። አስቤ ነው ያልኩት።

እልል አለች። ያንን እልልታ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ኮሪደሩ ላይ የነበሩት በሽተኞች፣ አጥንቱ የተሰበረው፣ ልጇን ያዘለችው፣ ሁሉም «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያሉ አጨበጨቡላት። እጇን በብረቱ አሳልፋ እጄን ጎትታ ሳመችኝ። «ከአፍሽ የሰማሁት ነውና እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አለችኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

በማግስቱ እነግራታለሁ አልኩ። በሳምንቱ እነግራታለሁ አልኩ። ካርዷ ላይ የባሏ ስልክ ቁጥር ተጽፏል፤ አያ ካሴ ይባላል። አንድ ቀን ጨክኜ ደወልኩ። ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ «ማን ልበል?» አለኝ። ማን ይበል? ዘጋሁት። ከዚያ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በዚያ ወቅት የወገራ ሰው ወደ ከተማ እንዴት ይመጣል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ስልኩ ግን እንደ መንገዱ አልነበረም። ለሁለት ወር ያህል ጨርሶ ተቋርጦ ነበር፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ ይሠራ ነበር።

በመካከል አንድ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው «ደስ ላሰኘችኝ ለካርዷ ልጅ» የሚል የፈንታነሽን መልእክትና አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አደረሰልኝ። ከጓሮዋ የነቀለችው ነው። ሰውዬው እንደነገረኝ ፈንታነሽ ከዳንኩ አስገባለሁ ብላ ተስላ የነበረውን ጃንጥላ ለደብሯ አስገብታለች፤ ካህናቱን አብልታ አጠጥታለች፤ አገሩ ሁሉ እልል ብሎላታል። ይህን ሰምቼ ምን አደረግኩ? ሽንኩርቱን ወጥ ቤት ሰቀልኩት። ሠርቼበት በላሁ። ለፋሲካ ዶሮ የገባው የፈንታነሽ ሽንኩርት ነው።

ከዚያ ጥምቀት ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከላይ ተደውሎ፣ አሮጌው የወረቀት ካርድ ይፈለጋልና ይዘሽ ነይ ተባልኩ። የፈንታነሽ ነበር። ይዤ ወጣሁ። ያን ጊዜ ያልወጣሁትን ደረጃ ወጣሁት።

ፈንታነሽ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሕመሙ ወገቧ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ በሚኒባስ የኋላ ወንበር አጋድመው ነው ያመጧት። አያ ካሴ ባርኔጣውን እጁ ላይ ይዞ ቆሟል። ረጅም፣ ከሲታ ሰውዬ ነው። ሐኪሙ ተቆጥቷል። ያው ፊደል አልቆጠርሽም ያለኝ ሐኪም ነው፤ ቁጣው ግን ያን ቀን የሐዘን ነበር፤ አሁን ይገባኛል። «ክኒኑን ማን አቁሚ አለሽ? ማነው ያለሽ?» ይላታል።

እኔ በሩ ላይ ካርዱን ታቅፌ ቆሜአለሁ። ፈንታነሽ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ። እኔ ዓይኔን ካርዱ ላይ ጣልኩ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ጣቷን ትቀስርብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ማንም አላለኝም» አለች። «ራሴ ነኝ የተውኩት።»

አያ ካሴ ዘወር ብሎ አያት። ያኔ እልል ብላ ገብታ «ድነሻል ብለውኛል» ያለችውን እያስታወሰ እንደነበረ ፊቱ ይናገራል። ባርኔጣውን ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል። ሐኪሙ ካርዱን ከእጄ ወስዶ «በራሷ ፈቃድ ሕክምና አቋርጣለች» ብሎ ጻፈበት። ያን ቀን የእጅ ጽሑፉ ይነበብ ነበር።

አሁን ያለው ሁሉ በደል ይሄ ይመስላችኋል? አልጨረስኩም። ሕክምናውን በገዛ እጁ ለሚያቋርጥ ሰውም ኮድ አለው። ካርዱ ተመልሶ ወደ እኔ ወረደ። ኮዱን ማን አስገባው? እኔ። በዚያው ጣቴ። «የነበረ» የሚለውንም አንስቼ «ያለ» አደረግኩት፤ በሽታው ስለተመለሰ ማንም ለምን ተቀየረ አይልም፤ ቅጽም አያስፈልገውም። እንዲህ ሆኖ የኔ ስህተት ጠፋ፣ የሷ ስህተት ተመዘገበ። መስታወት የገባው ወረቀቴ እንደተሰቀለ ነው።

በማግስቱ ብርቱካን ይዤ ተኝታ ወዳለችበት ክፍል ሄድኩ። የብርቱካን ፌስታል ይዤ! አያ ካሴ ምግብ ሊፈልግ ወጥቶ ነበር። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። እሷ ናት የጀመረችው። ምነው ትላንት ፊትሽ አመድ መሰለ አለችኝ፤ እናቴ የምትጠራኝ በሚመስል ድምፅ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሁሉን ነገርኳት፤ ካርቶኑን ማየቴን፣ ደረጃውን አለመውጣቴን፣ አዎ ያልኩበትን ምክንያት። ይቅር በዪኝ አልኳት። ይቅር ማለቷን ወይም አለማለቷን እስከዛሬ አላውቅም።

«ትላንት ራሴ ነኝ ያልኩት የሰው እንጀራ አልዘጋም ብዬ ነው» አለችኝ። «አንቺም ልጆች ይኖሩሻል። እኔን መልሶ አያድነኝ። አንድ ነገር ግን አደራ። ለካሴ ንገሪልኝ። እኔ እያለሁ ቢሰማ ሐኪሙን ያንቃል፣ አንቺንም ያስይዛል፤ እኔ ካለፍኩ በኋላ ንገሪው። ሠላሳ ዓመት ዋሽቼው አላውቅም። ዋሸችኝ እንዳለ እንዳይቀር።»

«እሺ» አልኳት። «አደራ በምድር» አለችኝ። «አደራ በሰማይ» አልኳት። እኛ አገር ከዚህ በላይ መሐላ የለም።

ወደ ቤቷ ወሰዷት። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሞቷን የሰማሁት መስኮቴ ላይ ከተሰለፈ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው። አልሄድኩም። ለቅሶ አልደረስኩም። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ፣ ፈቃድ አልተሰጠኝም አልኩ። ፈቃድ አልጠየቅኩም።

መስከረም ሲገባ አያ ካሴ ራሱ መጣ። ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ መስኮቴ ላይ ደረሰ። ጋቢው ታጥቦ ነጥቷል፤ ጺሙን ለሐዘን አሳድጎታል። ለወረቀት የመጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የመጣው ነገር ሊጠይቅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። መንደርተኛው ፈንታነሽን እያማት ነው። ክኒኑ ሰልችቷት ትታ፣ ድነሻል ተባልኩ ብላ አገር አታላ፣ ታቦት ፊት ቆማ ጃንጥላ ያስገባች ውሸታም እያሏት ነው። ቄሱ ተወው አያ ካሴ፣ ፍትሐቷ ተፈትቷል ይሉታል። እሱ ግን እሑድ እሑድ ጃንጥላው ሲዘረጋ ማየት አቅቶት ደብሩን ትቶ ሌላ ደብር እያስቀደሰ ነው።

«አንቺ ያን ጊዜ እዚህ ነበርሽ መሰለኝ» አለኝ። «እስቲ ልጠይቅሽ ልጄ። ድነሻል ብሎ የነገራት ሰው ነበር ወይ? ወይስ ዋሽታኝ ነው?»

አደራዬ በእግሩ መጥቶ ፊቴ ቆመ። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ደረጃ መውጣት የለም፣ ቅጽ መሙላት የለም። ነበረ፣ እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው። ከኋላው ሃያ ሰው ተሰልፏል፤ ከጎኔ ባልደረባዬ ተቀምጣለች፤ ከአናቴ በላይ ያ መስታወት አለ።

«አላስታውስም» አልኩት።

«ይመስገን» አለ። ምርር ብሎት እንኳ ይመስገን አለ። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ ገደልኳት። አንዴ እያየሁ «የነበረ» ብዬ፣ አንዴ እየጠየቀችኝ «አዎ» ብዬ፣ አንዴ ከሞተች በኋላ «አላስታውስም» ብዬ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚከብድ እናንተ ታውቁ ይሆናል፤ እኔ ግን የምቃዠው ሦስተኛውን ነው። በሕይወቷ ላይ የሠራሁትን በሽታው ተካፍሎኛል። ስሟን ያጠፋሁት ግን ብቻዬን ነኝ፤ ያውም የኔን እንጀራ ልታተርፍ ባጠፋችው ስም ላይ። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልበል? ሁላችንም በዝቶብን ነበር፤ ባልደረቦቼ ካንሰር ያለበትን ካርድ ባገኙ ቁጥር ደረጃውን እየወጡ ይጠይቁ ነበር። የሐኪሙ ጽሑፍ አይነበብም ልበል? ካርቶኑ ይነበብ ነበር። ፈራሁ ልበል? እሷስ አልፈራችም?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የሙት ዓመቷ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትላንት ከሥራ ስወጣ መስታወቱን አውርጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ አንድ ገጽ ቅጽም ጥቂት ቅጂ ከመሳቢያዬ አወጣሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተሞልቶ ተቀምጧል። የበሽተኛዋ ስም፣ የተሳሳተው ኮድ፣ የተሳሳተው ሠራተኛ ስም። የመጨረሻው መስመር «የስህተቱ ምክንያት» ይላል። እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ሦስት ቅጽ ቀደድኩ። በአራተኛው «ስህተት አይደለም፤ እያየሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ለኃላፊው እሰጠዋለሁ፤ እንጀራዬ ከተዘጋ ይዘጋ። እሷ ያተረፈችልኝን መልሼ መስጠቴ ያስከፋታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን እሷ የለመነችኝ ይህን ቅጽ አልነበረም። የለመነችኝ አንድ ሰው ነው።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳት ሞታለች፤ የቀረው አያ ካሴ ነው። እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ደወልኩ።

ሦስት ጊዜ ጠራ። ያው ሻካራ ድምፅ «ማን ልበል?» አለኝ።

«ትዕግሥት ነኝ፤ የካርድ ክፍሏ» አልኩት። «አያ ካሴ፣ ፈንታነሽ አልዋሸችዎትም። ድነሻል ያልኳት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል በግ ይጮኻል፤ ሰው ከሰው ያወራል።

«ቆዪኝማ» አለኝ። «ልቀመጥ።»

ቆየሁት።